መስመር ሰባሪው አንድ ብቻ ይሁን፦ በፕሌን ቴክስት ኢሜይል የመስመር ርዝመትን ስለመጠበቅ

ፕሌን ቴክስት ማለት ያለ ቀለም፣ ያለ ጌጥ ፊደል ብቻ ሆኖ የሚላክ ጽሑፍ ነው። በዚህ መንገድ የተላከ እንዲህ ያለ መልእክት ደርሶዎት ያውቃል?

> የማክሰኞው ስብሰባ ወደ ሐሙስ ስለተዛወረ ሁላችሁም ከጠዋቱ
> ሦስት
> ሰዓት ላይ እንድትገኙ፣ የወሩን ሪፖርትም ይዛችሁ
> እንድትመጡ
> እናሳስባለን
> ።

አንዱ መስመር ረጅም፣ ተከታዩ አንድ ቃል፣ ከዚያ ደግሞ ረጅም፤ ጥርሱ የረገፈ ሚዶ ነው የሚመስለው። መጨረሻ ላይ አራት ነጥቧ ለብቻዋ ቆማለች። ጸሐፊው ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ሲልክ የእሱ ፕሮግራም በአንድ ልክ ሰበረው፣ መልስ የጻፈው ሰው ፕሮግራም ደግሞ በየመስመሩ መጀመሪያ የጥቅስ ምልክት (>) ጨምሮ በሌላ ልክ ሰበረው።

ከሁሉ በፊት ሁለት ቃል ለይተን እንያዝ፦ ማጠፍ እና መስበር። ማጠፍ ማለት ስክሪኑ ሲያልቅ ፕሮግራሙ ለዓይን ብቻ ብሎ ጽሑፉን ወደሚቀጥለው መስመር ማውረዱ ነው። መስኮቱን ቢያሰፉት ይዘረጋል፣ ቢያጠቡት ይታጠፋል፣ ጽሑፉ ውስጥ ግን አንድም ነገር አልተጨመረም። መስበር ማለት ኢንተር መምታት ነው። እርስዎ በጣትዎ ቢመቱትም ፕሮግራሙ በሚላክበት ሰዓት ቢመታልዎትም ያው ነው፤ ምልክቱ ጽሑፉ ውስጥ ይቀመጥና አንባቢው ዘንድ እንደተሰበረ ይደርሳል። ሚዶው የሚወለደው የተሰበረ መስመር ጠባብ ስክሪን ላይ እንደገና ሲታጠፍ ወይም ሁለት ሰባሪዎች በተለያየ ልክ ሲሰብሩት ነው። ከዚህ በታች የምለው ሁሉ ዞሮ ዞሮ ሰባሪው አንድ ይሁን ለማለት ነው።

ቁጥሮቹ ከየት መጡ

ስለዚህ ጉዳይ የሚጽፍ ሁሉ 80፣ 78፣ 76፣ 72 እያለ ቁጥር ይደረድራል። ምንጫቸውን ካወቁ ግን የትኛው ለእርስዎ እንደሚሠራ መምረጥ ቀላል ነው።

80 ከስክሪን በፊት የነበረ ቁጥር ነው። አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1928 ያወጣው ፓንች ካርድ (መረጃ በቀዳዳ የሚመዘገብበት ካርድ) 80 ዓምድ ነበረው። ልኩን ተርሚናሎች፣ ማለትም ጽሑፍ ብቻ የሚያሳዩ የኮምፒውተር ስክሪኖች፣ ወረሱትና እ.ኤ.አ. በ1978 የወጣው ቪቲ100 ተርሚናልም በአንድ መስመር 80 ፊደል ያሳይ ነበር። ኢሜይል ያደገው እንዲህ ባለ ስክሪን ፊት ነው። የኢሜይልን ቅርጽ የሚደነግገው አርኤፍሲ 5322 (እ.ኤ.አ. 2008፤ አርኤፍሲ የኢንተርኔት ደንቦች የሚወጡበት ተከታታይ ሰነድ ነው) ሁለት ገደብ ያስቀምጣል፤ አንድ መስመር ከ998 ምልክት በፍጹም አይለፍ፣ ከ78 ባያልፍ ደግሞ ይመረጣል ይላል። 998 ግራ የሚያጋባ ቁጥር ቢመስልም፣ የመላኪያው ሥርዓት ከሚፈቅደው 1000 ላይ የመስመር መጨረሻን የሚያመለክቱት ሁለት ምልክቶች ሲቀነሱ የሚቀረው ነው።

72ን ያመጣው መልስ መጻጻፍ ነው። አንድ ሰው ሲመልስልዎ በእያንዳንዱ መስመር መጀመሪያ ላይ የጥቅስ ምልክትና አንድ ባዶ ቦታ ይጨመራል፤ ሁለት ቦታ መሆኑ ነው። 72 ላይ ከሰበሩ ባለ 80 ስክሪን ላይ ስምንት ቦታ ይተርፋል፣ ደብዳቤው አራት ጊዜ ቢመላለስ እንኳ መስመሩ አይፈስም። እ.ኤ.አ. በ1995 የወጣው የኢንተርኔት ጨዋነት መመሪያ አርኤፍሲ 1855 ከዚህም ጠበቅ አድርጎ ከ65 በታች እንዲሆን መክሯል።

ዛሬ ባለ 80 ዓምድ ተርሚናል ማን ያያል? የሚያይ አለ። የሊኑክስ ከርነል (የሊኑክስ ስርዓተ ክወና እምብርት) አዘጋጆች ሥራቸውን የሚለዋወጡት አሁንም በፕሌን ቴክስት ኢሜይል ነው፤ ከለውጡ ጋር የሚላከው ማብራሪያ 75 ዓምድ ላይ እንዲሰበር መመሪያቸው ይጠይቃል። በኤችቲኤምኤል፣ ማለትም ቀለምና ጌጥ በሚይዘው ቅርጽ፣ የተጻፈ ደብዳቤ አይቀበሉም። ከእነሱ ጋር የሚሠራ አማርኛ ተናጋሪ ፕሮግራመር ይህን ከመጀመሪያው ቀን መልመድ አለበት።

ደረጃ 1፦ ደብዳቤው ማን ዘንድ እንደሚሄድ ይወስኑ

ብዙ መመሪያዎች ይህን ዘለው ቀጥታ «72 ላይ ስበር» ይላሉ። እኔ አልስማማም። ተቀባዩ ኢሜይሉን ስልክ ላይ የሚያነብ ዘመድ፣ ደንበኛ ወይም የሥራ ባልደረባ ከሆነ አይስበሩ። ስልክ ቀጥ ብሎ ሲያዝ በአንድ መስመር የሚያሳየው ከ72 በጣም ያነሰ ነው፤ የሰበሩት መስመር እዚያ ሲደርስ ይታጠፍና ከላይ ያየነው ሚዶ ይሆናል። ለእንዲህ ያለ ሰው አንዱን አንቀጽ ሳያቋርጡ ይጻፉ፣ በአንቀጾች መካከል አንድ ባዶ መስመር ይተዉ፣ ማጠፉን ለስልኩ ይተዉለት።

ተቀባዩ ተርሚናል ላይ የሚያነብ ከሆነ፣ ወይም ጽሑፉ ወደ ኮድ ማከማቻ የሚገባ ከሆነ 72 ላይ ይሰበር። ሁለቱንም ለማስደሰት ብሎ 40 ላይ መስበር ግን ሁለቱንም ማስቀየም ነው።

ደረጃ 2፦ በአማርኛ ከሆነ ቆጠራውን ይቀይሩ

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ በእንግሊዝኛ የተጻፈው ምክር ሁሉ የላቲን ፊደልን አስቦ የተጻፈ ነውና።

የመጀመሪያው ልዩነት ለዓይን ነው። የእኛ አንድ ፊደል ተነባቢውንም አናባቢውንም ይዟል። «ኢትዮጵያ» በእኛ አምስት ፊደል ነው፣ በላቲን ስምንት። «አዲስ አበባ» ባዶ ቦታውን ጨምሮ ሰባት ነው፣ በላቲን አሥራ አንድ። ስለዚህ 72 የአማርኛ ፊደል የያዘ መስመር ከ72 የላቲን ፊደል የበለጠ ብዙ ቃል ይሸከማል። በዚያ ላይ ፊደላችን ሰፊ ነው፤ ተራ በሆነ የስክሪን ፎንት ሲታይ ያው 72 ፊደል ወደ ቀኝ ርቆ ይሄዳል። ዓይን የመስመሩ መጨረሻ ደርሶ ወደ ቀጣዩ መጀመሪያ ሲመለስ መንገድ ይስታል። እኔ አማርኛን መስበር ካለብኝ ከ50 እስከ 60 ፊደል ላይ እሰብራለሁ። ይህ ሕግ አይደለም፣ የዓይኔ ልማድ ነው። ተርሚናል ላይ ግን ለእያንዳንዱ ፊደል የሚሰጠው አንድ ዓምድ ስለሆነ 72ም ያስኬዳል፣ ፊደሎቹ ተጨናንቀው ይታዩ እንጂ።

ሁለተኛው ልዩነት የማይታየው ነው። ኮምፒውተር ፊደልን በሚያስቀምጥበት በዩቲኤፍ-8 ሥርዓት አንድ የላቲን ፊደል አንድ ባይት (የኮምፒውተር የመረጃ መለኪያ) ሲይዝ የእኛ አንድ ፊደል ሦስት ባይት ይይዛል። የመላኪያው ሥርዓት ደግሞ 998ን የሚቆጥረው በባይት ነው። 998ን ለሦስት ያካፍሉት፤ 332 ፊደል ብቻ። ባዶ ቦታዎቹን አስልተው ወደ ቃል ሲመልሱት ከ60 እስከ 70 ቃል ገደማ ይሆናል፣ መካከለኛ አንቀጽ መሆኑ ነው። እንግሊዝኛ የሚጽፍ ሰው ገደቡን ሳያውቀው ዕድሜ ልኩን ይጽፋል፤ እኛ በአንድ አንቀጽ እንደርስበታለን።

የኢሜይል ፕሮግራምዎ ይህን በኢንኮዲንግ፣ ማለትም ባይቶቹን በተራ የላቲን ምልክቶች ጽፎ በመላክ፣ ስለሚሸፍንልዎ አይጨነቁ። ሁለት መንገድ አለው። ኮትድ ፕሪንተብል የሚባለው እያንዳንዱን ባይት በሦስት ምልክት ይጽፋል፤ አንድ የአማርኛ ፊደል ዘጠኝ ምልክት ይሆናል ማለት ነው። የመስመር ገደቡ 76 ስለሆነ በአንድ መስመር ስምንት ፊደል ብቻ ይገባል። ቤዝ64 ሦስት ባይት በአራት ምልክት ስለሚጽፍ አንድ ፊደላችን ልክ አራት ምልክት ይሆናል፤ 76 ውስጥ 19 ፊደል። ጂሜይል ከላቲን ውጭ የሆነ ፊደል ሲያገኝ ወደ ቤዝ64 መዞሩ ለእኛ መልካም ነው። የደብዳቤውን ምንጭ ከፍተው በማይነበብ የላቲን ፊደል የተሞላ ገጽ ካዩ አይደንግጡ፣ የእርስዎው አማርኛ ነው።

ችግር የሚመጣው ኢሜይሉን ሰው ሳይሆን ኮድ ሲልከው ነው። የክፍያ ማረጋገጫ፣ የቀጠሮ ማስታወሻ፣ የይለፍ ቃል መቀየሪያ የሚልክ ፕሮግራም ጽሑፉን ያለ ኢንኮዲንግ በአንድ ረጅም መስመር ከለቀቀው፣ መንገድ ላይ ያለ ሰርቨር 998 አካባቢ ሲደርስ ሊቆርጠው ይችላል። ቆራጩ የሚያየው ባይት እንጂ ፊደል አይደለም። ሦስት ባይት የያዘው ፊደል መሃሉ ላይ ይሰነጠቅና አንባቢው የጥያቄ ምልክት ያለበት ጥቁር ዳይመንድ ያያል። ቃለ አጋኖ ጨምሮ የሚሰብር ሰርቨርም አለ። አንድ ጊዜ ከአንድ መሥሪያ ቤት «እንኳን ደስ አለዎት» ብሎ የሚጀምር ደብዳቤ ደርሶኝ መሃሉ ላይ ቦታው ያልሆነ ቃለ አጋኖ አየሁ፤ ደስታቸው በዝቶ መስሎኝ ነበር። መድኃኒቱ ኮድ ጸሐፊው ቤዝ64 እንዲጠቀም መንገር ነው።

ደረጃ 3፦ ከመላክዎ በፊት ሥርዓተ ነጥብዎን ያጽዱ

ሰባሪም ሆነ አጣፊ ፕሮግራም የሚፈልገው ባዶ ቦታ ነው፤ ባዶ ቦታ ባገኘበት ሁሉ መስመር ሊያወርድ ይችላል። ብዙዎቻችን ደግሞ ከአራት ነጥብ በፊት ባዶ ቦታ የመተው ልማድ አለን። «ነው ።» ብለው ከጻፉ አንድ ቀን «ነው» የመስመሩ መጨረሻ ላይ ይወድቅና «።» ወደ ታች ወርዳ ብቻዋን ትቀመጣለች። አራት ነጥብም፣ ነጠላ ሰረዝም፣ ድርብ ሰረዝም ከፊታቸው ካለው ቃል ጋር ይጣበቁ፤ ባዶ ቦታው ከኋላቸው ይምጣ።

«ዓ.ም.» ሲጽፉም በነጥቦቹ መካከል ባዶ ቦታ አይተዉ፤ «ዓ. ም.» ከሆነ ሁለት መስመር ላይ ሊበተን ይችላል። «ወ/ሮ»፣ «ገ/ማርያም» የሚሉትን በእዝባሩ (/) ግራና ቀኝ ባዶ ቦታ ሳይተዉ ይጻፏቸው።

በድሮው ወግ በቃላት መካከል ሁለት ነጥብ ብቻ እያደረጉ፣ ባዶ ቦታ ሳይተዉ የሚጽፉ ሰዎች አሉ። የብራና ጸሐፊ ሥፍራው ሲያልቅበት ቃሉን የትኛውም ፊደል ላይ ቆርጦ ይወርዳል፣ የሚቀየመውም የለም። ባዶ ቦታ ብቻ የሚፈልግ ፕሮግራም ግን አንቀጹን ሁሉ እንደ አንድ ረጅም ቃል ሊያየው ይችላል። በኢሜይል ከሁለት ነጥቡ በኋላ አንድ ባዶ ቦታ ይጨምሩለት።

ደረጃ 4፦ ፕሮግራምዎን አንድ ጊዜ ያስተካክሉ

ጂሜይል፦ አዲስ ደብዳቤ ሲከፍቱ ከታች ባሉት ሦስት ነጥቦች ውስጥ የፕሌን ቴክስት ምርጫ አለ። እሱን ካበሩ ሲልኩ ራሱ 78 አካባቢ ይሰብረዋል፣ ልኩን መቀየሪያ የለውም። ስለዚህ ጂሜይል ላይ ሰባሪው እሱ ነው፤ እርስዎ በጣትዎ ኢንተር አይምቱ። ለስልክ አንባቢ ከሆነ ደግሞ ምርጫውን ያጥፉት። በተለመደው መንገድ ያለ ጌጥ ከጻፉ ጂሜይል ደብዳቤውን በኤችቲኤምኤልም በፕሌን ቴክስትም ደርቦ ይልከዋል፣ ስልኩም የሚታጠፈውን ይመርጣል።

ተንደርበርድ፦ በአካውንቱ ቅንብር ውስጥ ስለ መጻፍና አድራሻ በሚለው ክፍል፣ በኤችቲኤምኤል ጻፍ የሚለውን ምልክት ያንሱ። ለአንድ ደብዳቤ ብቻ ከሆነ መጻፊያውን ሲጫኑ ሺፍትን ይዘው ይጫኑ። ሲመጣ 72 ላይ እንዲሰብር ተደርጎ ነው፤ ለአብዛኛው ሰው መንካት አያስፈልግም። የተበላሸ አንቀጽ ሲያጋጥምዎ አንቀጹን መርጠው ኮንትሮልና አር ይጫኑ፣ መስመሩን አስተካክሎ ይሰብረዋል።

አውትሉክ በዊንዶውስ (ክላሲክ የሚባለው)፦ በኢሜይል አማራጮች ውስጥ፣ ስለ መልእክት ቅርጽ በሚለው ቦታ፣ የሚሰብርበት ቁጥር አለ፤ ሲመጣ 76 ነው። ወደ 72 ይቀንሱት። እዚያው አጠገብ ከፕሌን ቴክስት መልእክት ውስጥ ትርፍ የመስመር ሰበራዎችን አስወግድ የሚል ምልክት አለ። በጎ አሳቢ ይመስላል፣ ግን የአድራሻ መስመሮችንም፣ የግጥም ስንኞችንም አንድ ላይ ይቀላቅላል። ያንሱት።

ተርሚናል ውስጥ የሚጽፉ ከሆነ ቪም በተባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ ላይ የቴክስት ዊድዝ (የመስመር ስፋት) ቅንብሩን 72 ያድርጉት፤ የተበላሸ አንቀጽ ላይ ቆመው ጂ፣ ኪው፣ ኤ፣ ፒ በተከታታይ ቢመቱ ይደለደላል፣ ማለትም መስመሮቹ በአንድ ልክ ተስተካክለው እንደገና ይሰበራሉ። ናኖ ላይ ኮንትሮልና ጄ፣ ኢማክስ ላይ ደግሞ ኦልትና ኪው ይህንኑ ይሠራሉ። ኢማክስ ሲመጣ 70 ላይ ነው፣ ያም ጥሩ ልክ ነው።

ደረጃ 5፦ የማይሰበረውን ይለዩ

የድረ ገጽ ሊንክ ፈጽሞ አይሰበር። 72ን ቢያልፍም፣ 200 ቢደርስም ለብቻው መስመር ይስጡትና ይተዉት። ተሰብሮ ከደረሰ ተቀባዩ የሚጫነው ግማሹን ነው፤ ግማሽ ሊንክ ደግሞ ገጹ አልተገኘም ይላል፣ እርስዎም «እኔ ጋ ይሠራል» እያሉ ይከራከራሉ። ፕሮግራምዎ ረጅም ሊንክ እንደሚሰብር ካወቁ በሁለት የማዕዘን ቅንፎች መካከል ያስቀምጡት፣ < እና > መካከል ማለቴ ነው። የሊንክን አጻጻፍ የሚደነግገው አርኤፍሲ 3986ም ይህንኑ ይመክራል፤ ብዙ ፕሮግራሞች ቅንፉን አይተው የተሰበረውን መልሰው ይገጥማሉ።

ኮድ፣ የስህተት መልእክት፣ ሰንጠረዥ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥር፣ ግጥም፤ እነዚህም እንደተጻፉ ይለፉ። ግጥም በተለይ። የስንኙ ማብቂያ የሚታወቀው ቤት በመምታቱ ነው፤ ፕሮግራም ሌላ ቦታ ላይ ከሰበረው ወደ ስድ ንባብ ይለወጣል። ግጥም የሚልኩ ከሆነ እያንዳንዱ ስንኝ ከ50 ፊደል ካላለፈ የትኛውም ሰባሪ አይነካውም።

ደረጃ 6፦ ሲመልሱ ጥቅሱን ይከርክሙ፣ ከዚያ ይደልድሉ

ሚዶው በብዛት የሚወለደው መልስ ላይ ነው። የመጣልዎትን ደብዳቤ ሙሉውን ይዘው አይመልሱ፤ የሚመልሱለትን ሁለት ሦስት መስመር ብቻ ያስቀሩና ሌላውን ይሰርዙ። የቀረውን የጥቅስ ምልክቱ ሳይጠፋ ይደልድሉት። መግቢያው ላይ ያየነው ደብዳቤ ሲደለደል እንዲህ ይሆናል፦

> የማክሰኞው ስብሰባ ወደ ሐሙስ ስለተዛወረ ሁላችሁም
> ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ እንድትገኙ፣ የወሩን ሪፖርትም
> ይዛችሁ እንድትመጡ እናሳስባለን።

በእጅ ሲደለድሉ አንድ ጥንቃቄ ያድርጉ። ሁለት ሰዎች የጻፉት ጥቅስ ተደራርቦ ከሆነ፣ ማለትም አንድ ምልክት ያለውና ሁለት ምልክት ያለው መስመር ጎን ለጎን ካሉ፣ አይቀላቅሏቸው፤ አንዱ ያለውን ሌላው እንዳለው ያስመስላል። በመሃላቸው ባዶ መስመር ይተዉ፣ ለየብቻም ይደልድሉ።

ፊርማዎ ከአራት መስመር አይብለጥ። ከፊርማው በላይ ሁለት ሰረዝና አንድ ባዶ ቦታ ብቻ ያለበት መስመር ያድርጉ። ከሰረዞቹ በኋላ ያለችው ባዶ ቦታ በስህተት የገባች አይደለችም፤ ብዙ ፕሮግራሞች ፊርማ መሆኑን የሚያውቁትና ሲመልሱ የሚቆርጡት በእሷ ነው።

ሁለቱን የሚያስታርቀው ዘዴ

መስበርና ማጠፍን ለማስታረቅ የታሰበ ነገር አለ፤ ፎርማት ፍሎውድ ይባላል። እ.ኤ.አ. በ1999 ወጣ፣ በ2004 በአርኤፍሲ 3676 ታደሰ። አሠራሩ ብልህ ነው። ፕሮግራሙ መስመሩን 72 አካባቢ ይሰብራል፣ ግን ከመስመሩ መጨረሻ አንድ ባዶ ቦታ ይተዋል። የሚያውቅ ተቀባይ ያቺን ባዶ ቦታ ሲያይ «ይህ ለጊዜው ነው» ብሎ መስመሮቹን ይቀጥላቸውና በራሱ ስክሪን ልክ ያጥፋቸዋል። የማያውቅ ተቀባይ ደግሞ በ72 የተሰበረ ደህና ጽሑፍ ያያል። ባዶ ቦታ በሌለው ጽሑፍ፣ ለምሳሌ ባለ ሁለት ነጥቡ የአማርኛ ጽሑፍ፣ የተጨመረችው ባዶ ቦታ ሲቀጠል እንድትጠፋ የሚያዝ ዴልስፔስ የሚባል ተጨማሪ ምልክትም አለው።

ተንደርበርድ ይህን ያውቃል። ጂሜይል አይልከውም። የጉዳዩ እንቅፋትም እሱ ነው፤ ግማሹ ዓለም በጂሜይል እየጻፈ ሌላው ግማሽ ብቻውን ሊታረቅ አይችልም። ኮድ የያዘ ደብዳቤ ሲልኩ ደግሞ ፎርማት ፍሎውድ እንዳይሠራ ያድርጉ፤ በኮድ ውስጥ ባዶ ቦታ ትርጉም ስላለው የተጨመረው ወይም የተነሳው ሥራውን ያበላሸዋል።

ደረጃ 7፦ ለራስዎ ይላኩት

ቅንብሩን ከጨረሱ በኋላ አንድ የሙከራ ደብዳቤ ይጻፉ፦ ከ80 ቃል ያላነሰ አንድ የአማርኛ አንቀጽ፣ አንድ ረጅም ሊንክ፣ አራት ስንኝ ግጥም፣ ፊርማ። ለራስዎ ይላኩና መጀመሪያ ኮምፒውተር ላይ፣ ቀጥሎ ስልክ ላይ ይክፈቱት። ስልኩ ላይ ሚዶ ካዩ ሰባሪ አለ ማለት ነው፤ ማን እንደሆነ ይፈልጉ። ጂሜይል ላይ ከደብዳቤው ምናሌ ኦሪጅናሉን አሳይ የሚለውን፣ ተንደርበርድ ላይ ኮንትሮልና ዩን ይጫኑ። ከላይ በራስጌው የኢንኮዲንጉን ዓይነት፣ ፍሎውድ መሆን አለመሆኑንም ያያሉ።

ከዚያ ለሙከራው ራስዎ መልስ ይስጡበት፣ ለመልሱም መልስ። ሦስተኛው ዙር ላይ አንቀጹ አሁንም ከተነበበ፣ ሊንኩ ከተከፈተ፣ ስንኞቹም በየመስመራቸው ከቆሙ ቅንብሩን ከእንግዲህ አይንኩት።